መንገድ ለተዘጋበት ሰው የሚሆን መጽሐፍ

አንማው ማረፉን ያረዳኝ ከቡሬ የመጣ የሚኒባስ ሹፌር ነው። መንገዱ ተዘግቶ ሰንብቶ በተከፈተ ማግስት፣ ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ በር ላይ ተቀምጬ የአንድ ጃንጥላ ሽቦ ሳቃና፣ ሹፌሩ ከመኪናው ሳይወርድ አንገቱን በመስኮት አወጣና፣

«አያ ታከለ፣ ያ መጽሐፍ ሻጭ ወዳጅዎ እኮ አረፈ» አለኝ።

«መቼ?»

«ኧረ ቆየ። መንገዱ ነው እንጂ ወሬው እስካሁን አይዘገይም ነበር። ተቀብሮም ሰንብቷል።»

«ማን ቀበረው?»

ለምን እንደጠየቅሁት ገባው። የእኛ ከተማ ሰው ሁሉ ይገባዋል። «የቡሬ መናኸሪያ ሰው» አለኝና ዓይኔን ሳያይ ተሳፋሪ ሊያወርድ ዞረ።

ወዳጅ ሞቶ ቀብሩ ላይ አለመቆም ከባድ ነው። እኔን ይበልጥ የከበደኝ ግን፣ እንደ አንማው ስላለ ሰው፣ ቀባሪ አገኘ ወይ ብዬ መጠየቄ ነው። እንዴት እዚያ እንደደረስን ከመጀመሪያው ልናገር።

እኔ ጃንጥላ ጠጋኝ ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ትልቅ ሰው ሆኜ ነው። ስለዚህ መጽሐፍ የሚባለው ነገር ለእኔ ቤት የሌላ ሰው ነገር ነበር፤ አንማው መጥቶ ከጎኔ እስኪተከል ድረስ። መደብሩ ከእኔ መቀመጫ የክንድ ርቀት ነበረች። መደብር ስል ከአጣናና ከቆርቆሮ የተመታች፣ ጠዋት ተዘርግታ ማታ የምትታጠፍ መደርደሪያ ናት። የሚሸጠው ቀላል ቀላሉን ነው፤ የቀልድ መጽሐፍ፣ የመርማሪ ታሪክ፣ የፍቅር ልብወለድ። መግዣ የሌለው ተከራይቶ አንብቦ ይመልሳል።

ሌላው ነጋዴ መጽሐፉን በዋጋ ይደረድር ይሆናል። አንማው ግን በመንገድ ነበር የሚደረድረው። ከታች ያለችው መደርደሪያ «ማንኩሳ» ትባላለች። መኪና ከእኛ ተነሥቶ ማንኩሳ እስኪደርስ የሚያልቁ ቀጫጭን የቀልድ መጻሕፍት እዚያ ነበሩ። ከሷ በላይ «ቡሬ» ነበር። ከዚያ «ደብረ ማርቆስ»። ከሁሉ በላይ ወፋፍራሞቹ «ባሕር ዳር»። ሰው ሲመጣ ስሙንም ዋጋውንም ሳይል፣

«ወዴት ነዎት?» ነው የሚለው።

«ቡሬ።»

«እንግዲያ ያንን ይተዉት፤ የባሕር ዳር ነው። ታሪኩ ሳያልቅ ይወርዱና ሲያሳክክዎት ይሰነብታል።»

የከተማ ጎረምሶች ደግሞ፣ «ፋዘር፣ ላይት ነገር ስጠኝ፤ ጭንቅላቴ ሙቷል» ይሉታል። ተማሪ መሆናቸውን ያውቃል። «ፈተናህ መቼ ነው?» ይላቸዋል። ነገ ነው ካሉት ከማንኩሳዋ ሌላ አይሰጥም።

ሲመርጥ የሚያየው ፊት ሳይሆን እግር ነበር። መጽሐፉን ገልጦ ለሰውየው ይሰጥና «አንድ ገጽ ቆመው ያንብቡ» ይላል። እኔም ከጎኑ ሆኜ አብሬ ማየት ለመድኩ። ሰውየው ክብደቱን ካንዱ እግር ወደ ሌላው ካዛወረ፣ አንማው መጽሐፉን ቀስ ብሎ ይቀበለዋል፤ «አልያዘዎትም» ይላል። አንድ ቀን አንድ የታሪክ መምህር መጣና፣

«ከባድ ያለ ነገር ፈልጌ ነበር» አለው።

«ከባዱ ቤትዎ የለም?»

«ምን ለማለት ነው?»

«ቤትዎ ሞልቶ የተረፈውን ከእኔ ለምን ይገዛሉ ብዬ ነው።»

መምህሩ ተቆጣ። አንማው አንዲት የመርማሪ ታሪክ ገልጦ እጁ ላይ አኖረለት። ሰውየው ሊመልሳት ዓይኑን ጣል አደረገባት፤ ከዚያ ቆመ። እግሩን አየሁ፤ እንደ ተተከለ አጥር ነው። ረዳቱ «ደምበጫ! ደምበጫ!» ሲል ሰማን፤ አውቶቡሱም ሄደ። መምህሩ ቀና ያለው አቧራው ከሰከነ በኋላ ነው። «አንተ ሰው የት ታውቀኛለህ?» አለው። ከዚያ ወዲያ ደንበኛ ሆነ።

ከዚያ መንገድ የሚዘጋበት ዘመን መጣብን። አንድ ሰሞን መኪና አለ፣ አንድ ሰሞን የለም። ስልክም ጠፋ። ከሩቅ ተኩስ ሲሰማ ሱቁ ሁሉ ባንድ ጊዜ ይዘጋል፣ ጸጥ ሲል አንድ በአንድ ይከፈታል። ሰው ፊት ለፊት መተያየቱን ትቶ በጎን መተያየት ጀመረ። መናኸሪያው ባዶ ሲሆን እኔም እሱም ሥራ ፈታን። አንማው መደርደሪያዎቹን ያይና፣ «ታከለ፣ ማንኩሳም እኮ ራቀ አሁን» ይለኛል።

ትምህርት ቤት ሲከፈት እሸጣለሁ ብሎ ከባሕር ዳር የልጆች የከለር መጽሐፍ አዝዞ ነበር። ካርቶኑ መንገድ ሳይዘጋ በመጨረሻ በገባው መኪና ደረሰ። ሲከፍተው ግን ልጅ የሚቀባው ዶሮና ድመት የለም። አበባ በአበባ ላይ የተነባበረበት፣ ዓሣው በሐረግ የተጠለፈበት፣ ክብ በክብ ውስጥ ገብቶ መሐሉን የሚያሳጣ ነገር ነው። ሽፋኑን አነበበው።

«ለትልልቅ ሰዎች ይላል» አለኝ።

«ትልቅ ሰው ከለር ሊቀባ?»

«እኔ ምን አውቄ። ተሳስተው ነው የላኩት።»

«መልሰዋ።»

«በምን መንገድ?»

ተሳሳቅን። ካርቶኑ ጥቂት ቀን ዝም ብሎ ተቀመጠ። አንድ ቀትር ላይ ዝናቡ ሲያስጠልለን፣ አንማው አንድ ቅጠል ገነጠለና ከከለር እርሳስ ጋር አቀበለኝ። እኔ የደረሰኝ ክቡ ነው። አየሁት አየሁት፤ የተዘረጋ ጃንጥላ ከሥር ሲያዩት ማለት ነው፤ ሽቦዎቹ ከመሐል ተነሥተው እስከ ዳር ወጥተዋል። ጥቁር ማድረግ ጀመርኩ።

«ሥራህን እዚህም ይዘህ መጣህ?» አለኝ አንማው።

«ጃንጥላ ጥቁር ነው።»

«ማን አዘዘህ?»

አሰብኩና ቢጫውን አነሣሁ። በዕድሜዬ ቢጫ ጃንጥላ ጠግኜ አላውቅም። ከአንዱ ሽቦ ወደ አንዱ ስሻገር፣ ዳሩ ላይ ስጠነቀቅ፣ ለካ ዝናቡ አባርቷል። ስለ መንገዱም ስለ ስልኩም ምንም ሳላስብ ቆይቻለሁ። ትከሻዬ ወርዷል። አንማው የራሱን ዓሣ ግማሹን ወይን ጠጅ አድርጎት ምላሱን በጥርሱ ነክሶ ተቀምጧል።

«የትኛው መደርደሪያ ላይ ታኖረዋለህ እንግዲህ?» አልኩት።

መጽሐፉን አነሣ፣ ማንኩሳን አየ፣ ቡሬን አየ፤ ከዚያ ከመደርደሪያዎቹ ውጭ በርጩማው ላይ አስቀመጠው። «ይሄ የትም አያደርስም» አለ። «መንገድ ለተዘጋበት ሰው ነው።»

ከዚያ በቅጠል በቅጠል እየገነጠለ መስጠት ጀመረ። እዚህም መምረጡን አልተወም። ሥራ ለፈታ ሹፌር ረጃጅም መስመር ያለበትን አይሰጥም፤ መንገድ ያስታውሰዋል ይላል። ለችኩል ሰው ቅጠሉ ሰፋፊ የሆነውን አበባ። እጁ ለሚንቀጠቀጥ ክብ። «ክብ ይቅር ይላል፤ ቀጥ ያለ መስመር ነው ቂመኛ» ይላል።

ፈንታነሽ የምትባል በርበሬና ቅመም የምትሸጥ ሴት ነበረች። ባሏ ሞቷል፤ የምትኖረው በባሏ ቤተሰብ ግቢ ውስጥ ነው፤ የግቢው አዛዥ ደግሞ የባሏ ወንድም ጥጋቡ ነው። አንድ ልጇ አዲስ አበባ ለሥራ ሄዶ ስልክ ከጠፋ ጀምሮ ድምፁን አልሰማችም። በደህናው ጊዜ የፍቅር ልብወለድ ትከራይ ነበር። በዚያ ሰሞን ግን የተከራየችውን ሳትጨርስ አመጣችው።

«አያ አንማው፣ ለሌላ ሰው ይስጡት። ፊደሉ ይሮጥብኛል።»

መጽሐፉን ስታቀብል እጇ ይንቀጠቀጣል። አንማው እጇን አየ። አንድ ቅጠል ገነጠለላት፤ ክብ በክብ ውስጥ፣ መሐሉ ላይ እንደ ዓይን ያለ፣ ዙሪያውን የተጠላለፈ ሐረግ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ምን እንደሆነ አይጠየቅም።»

«ከየት ልጀምር?»

«ከትንሿ። እሷን ስትጨርሺ ጎረቤቷን ታያለሽ።»

«ከመስመር ብወጣስ?»

«መስመሩ አይከስሽም።»

ያን ጊዜ ፈገግ አለች። ከዚያ ደጋግማ መጣች፤ ከእኛ ጋር ቁጭ ብላ ትቀባለች፣ ቤቷም ይዛ ትሄዳለች። የወደደችው ቀይና ጥቁሩን ነው። በርበሬዋን ስትሰፍር መፍሰሱ እየቀነሰ መጣ። አንድ ቀን፣ «አያ ታከለ፣ ልጄ ሞቷል ብዬ እኮ ነበር ልቤን የማስለምደው፤ አሁን እጠብቀዋለሁ» አለችኝ።

ክረምቱ ሲበረታ የፈንታነሽ ጣራ አፈሰሰ። ጥጋቡ አልጋዋን ከፍሳሹ ሊያሸሽ ገብቶ ትራሷ ሥር ቅጠሎቹን አገኛቸው። በዚህ ነገር ጥጋቡ ላይ ልፈርድ አልችልም። በእኛ አገር ያደገ ሰው የተከፈተ ክታብ አንድ ቀን ሳያይ አይቀርም። ደብተራ በብራና ላይ የሚሥለው ጠልሰም፣ መንፈስ ያስራል ይፈታል የሚባለው፣ እንደዚሁ ነው፤ ዓይን፣ የተጠላለፈ ሐረግ፣ ቀይና ጥቁር። በዚያ ላይ ከትራስ ሥር። በዚያ ላይ አንማው በልጅነቱ ቅኔ ቤት ገብቶ ሳይጨርስ የወጣ መሆኑን ከተማው ያውቃል፤ እንዲህ ያለውን ሰው ደግሞ የኛ ሰው ደህናም ሲሆን በጥርጣሬ ነው የሚያየው።

በገበያ ቀን ሦስት አራት ሰው አስከትሎ መጣ። ቅጠሉን በዱላው ጫፍ ሰክቶ ይዞታል፤ በእጁ አልነካውም።

«አያ አንማው።»

«አቤት ጥጋቡ።»

«ይሄ የማን እጅ ነው?»

«ቀለሙ የፈንታነሽ። መስመሩ የማተሚያ ቤት።»

«ማተሚያ ቤት ዓይን ይሥላል?»

«ዓሣም ይሥላል። ላሳይህ?»

«አይቀልዱብኝ። ልጇ የጠፋባት ሴት ነች። ስታለቅስ ነበር፤ አሁን ዝም ብላለች። ምን አድርገዋት ነው ዝም ያለችው?»

«ሐዘንም እኮ ይደክመዋል ጥጋቡ።»

«በሟች ወንድሜ ቤት ውስጥ!» አለ ጥጋቡ። አብሮት ከመጣው አንዱ መደርደሪያዋን በእግሩ ገፋት። ማንኩሳም ባሕር ዳርም ጭቃው ላይ ተበተኑ። የያዝኩትን የጃንጥላ ዘንግ ጨበጥኩ፤ አንማው በዓይኑ አስቀመጠኝ። ጥጋቡ ዱላውን ወደ መሬት አወረደና፣ «እሑድ ሽማግሌ ፊት ይቅረቡ። ካልቀረቡ የሚሆነውን ያውቁታል» አለ። ሲያስፈራራውም በአንቱታ ነው።

በዚያ ዘመን ሰው በወሬ ብቻ ይጠፋ ነበር። መጻሕፍቱን ከጭቃው አብረን ስንለቅም፣ «ማንኩሳ እህቴ አለች፤ ዛሬውኑ በእግር እንሂድ» አልኩት።

«እኔ ብሸሽ ነገሩ እውነት ሆነ። ያኔ ፈንታነሽን ምን ያደርጓታል?»

ጎንበስ ብዬ መጻሕፍቱን መልቀሜን ቀጠልኩ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ከዛፉ ሥር ተቀመጡ። ዳኛው መምሬ ይሁኔ ናቸው፤ የእድሩም ሰብሳቢ እሳቸው ነበሩ። ነገሩ ምን እንደሆነ ሁሉም ያውቀዋል። መተተኛ ከተባለ ከእድርም ከሰንበቴም ይወጣል። ሰላም የሚለው፣ እሳት የሚያውሰው አይኖርም። ቢሞት ጉድጓድ የሚቆፍርለት የለም።

መምሬ ቅጠሉን በነጠላቸው ጫፍ ይዘው አገላበጡት። ፈንታነሽን አስጠሩ።

«ልጄ፣ ይህን ሲሰጥሽ ምን አለሽ?»

«ከትንሿ ጀምሪ አሉኝ።»

ከኋላ አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። መምሬ አልሳቁም።

«ሌላ የደገመብሽ ነገር አለ?»

«የለም አባቴ።»

«ታዲያ ምን ታደርጊበታለሽ?»

«ካልጠፋብኝ እዚሁ ላሳይዎ።»

ያልተቀባ ቅጠል ሰጧት። መሬት ላይ ተቀመጠችና በርጩማ ፊቷ ላይ አድርጋ እርሳሱን ያዘች። እጇ ከመንቀጥቀጡ የተነሣ የእርሳሱ ጫፍ በርጩማውን ቷ ቷ ቷ ያደርገዋል። ያንን ሰው ሁሉ ሰማው። ከመሐል አንዲቱን ጠባብ ቀለበት መረጠች። ቀዩን ማስገባት ጀመረች፤ ጎንበስ አለች። ከዚያ ወደ ጎረቤቷ ተሻገረች። ትንፋሽ ይሰማል። ቷ ቷ ማለቱ እየራቀ፣ እየራቀ ሄደና ጠፋ። እጇ ቆመ። ወረቀቱ ላይ እንደ ሰፊ መርፌ ብቻ ይመላለሳል።

ተመስገን አልኩ በልቤ። አለቀ፣ በዓይናቸው አዩ፣ ነጻ ወጣ አልኩ።

ጥጋቡ ተነሣ። ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም። «አያችሁ» አለ። «በዓይናችሁ አያችሁ። እጇን አቆመው።»

ሰው ሁሉ ባንድ ጊዜ አጉረመረመ። የነጻነቱ ምስክር ይሆናል ያልኩት ነገር ሄዶ ከከሳሹ ጎን ቆመ። ፈንታነሽ ቀና ስትል ሰዉ ከሷ ሲሸሽ አየች፤ እርሳሱ ወደቀባት።

መምሬ ይሁኔ እጃቸውን አንሥተው ሰዉን አረጋጉ። ደግ ሰው ናቸው፤ መውጫ ይፈልጉለት እንደነበር አውቃለሁ። በመጨረሻ፣ «አንማው፣ ነገሩን በመሐላ እንጨርሰው» አሉ። «"የጠልሰም ነገር አላውቅም፣ እጄም ነክቶት አያውቅም" ብለህ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ቆመህ ማል። ጥጋቡ ጉልበትህን ስሞ ይቅርታ ይጠይቅሃል። ነገሩም እዚሁ ይቀራል።»

ጥጋቡም አንገቱን ነቀነቀ፤ መሐላ ካለ ይበቃኛል ማለቱ ነው። ሁላችንም አንማውን አየነው። እግሩን አየሁት፤ አልተንቀሳቀሰም።

«አባቴ፣ እሱን አልምልም» አለ።

«ለምን?»

«አውቃለኋ። ልጅ ሆኜ ቅኔ ቤት ሳለሁ ላንድ ደብተራ ብራና እፍቅለት ነበር። ዓይኑን እንዴት እንደሚሥሉት አስተምሮኛል። ቀዩንም ጥቁሩንም በእጄ በጥብጫለሁ። ሰው እየፈራ ይመጣል፤ ክታቡን ይዞ ሲሄድ ደግሞ ከመጣው ይበልጥ ፈርቶ ነው። ያን እያየሁ መኖር አቃተኝና ጥዬ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ የሸጥኩትን ሁሉ ሰው እንዳይፈራበት መርጬ ነው የሸጥኩ። ይሄ ወረቀት ጠልሰም አይደለም፤ በዚህ አሁኑኑ እምላለሁ። አላውቅም ብዬ ግን በበሩ ላይ አልዋሽም።»

ስንት ዘመን ጎን ለጎን ስንቀመጥ ይህን ለእኔም ነግሮኝ አያውቅም።

«አመነ» አለ አንድ ሰው ከኋላ።

ያቺ አንዲት ቃል በቃች። ሽማግሌዎቹ ጭንቅላት ለጭንቅላት ገጠሙ። መምሬ ሲፈርዱ መሬት መሬት ነበር የሚያዩት፤ ከእድር ይውጣ፣ የስዕሉም መጻሕፍት ይቃጠሉ። አንማው አልተከራከረም። አንድ ነገር ብቻ ለመነ፤ «ፈንታነሽን ማንም እንዳይነካት። በቤቷ፣ በንግዷ፣ በስሟ። ይህን በመሐላ ስጡኝና የኔን ተቀብያለሁ።» መምሬ ቃል ገቡ፤ ጥጋቡም አሜን አለ። ሲሄድ ያገኘው ይሄን ብቻ ነው።

መንገድ እንደተከፈተ ቡሬ ገባ። ሸኘሁት። ከማንኩሳዋ መደርደሪያ አንዲት ቀጭን የቀልድ መጽሐፍ ኪሱ ውስጥ ከቷል። «አንተ፣ ቡሬ እኮ ነው የምትሄደው» አልኩት። «መኪናው ከመሐል ቢመለስስ?» አለኝ። ሳቅንና ጓዙን ወደ መኪናው ጣራ አቀበልኩለት።

እሱ ከሄደ ብዙም ሳይቆይ ስልክ ተከፈተ፤ የፈንታነሽም ልጅ ደወለ። ደህና ነው። ከተማው ሙሉ እልል አለላት። ጥጋቡ ግን፣ «አላልኳችሁም? ሰውየው ሲወጣ ነገሩ ተፈታ» እያለ ዞረ። አንድ ቀን ጃንጥላውን ሊያስጠግን መጥቶ ይህንኑ ሲደግምልኝ፣ «የባሕር ዳሩንስ ስልክ፣ የደብረ ማርቆሱንስ አንማው ነበር ወይ የዘጋው?» አልኩት። ጃንጥላውን ሳያስጠግን ይዞት ሄደ።

ከቡሬ ወሬውን የሚያመጡልኝ ሹፌሮች ናቸው። መናኸሪያው አጠገብ ካርቶን አንጥፎ ይሸጥ ነበር፣ አሁንም ወዴት ነዎት ይላል፣ አንዳንዱን ያስቃል አሉኝ። እድር ግን አልገባም። አዲስ ሰው ሲመጣ ከየትኛው እድር ነህ ይባላል፤ እሱ ደግሞ ዋሽቶ አያውቅም። ሹፌሩ ሞቱን ሲነግረኝ ማን ቀበረው ያልኩት ለዚህ ነው።

ያን ዕለት ሥራዬን አጥፌ ፈንታነሽ ዘንድ ሄድኩ። ስነግራት በርበሬውን መስፈሩን አላቆመችም። ከሰፈረች በኋላ ጆንያውን አሰረች፣ ነጠላዋን አነሣችና፣ «መኪናው መቼ ነው የሚወጣው?» አለች። ጥጋቡ ግቢው በር ላይ ቆሞ ነበር።

«ወዴት ነው?»

«ለቅሶ።»

«ላንድ መተተኛ? ሰው ምን ይላል? አሁንም አልለቀቃትም ነው የሚሉት። ያኔ አሜን ያልኩት እዚህ ግቢ እስካለሽ ድረስ ነው፤ በራስሽ እግር ከሄድሽ እኔ የለሁበትም።»

«እሺ» አለችው፤ አልፋው ወጣች።

ቡሬ ላይ ለአንማው ቤት ያከራየችው ሴትዮ ግቢዋ ውስጥ አግዳሚ አወጣችልን። ለቅሶው ካለፈ ቆይቷል፤ ከፍኖተ ሰላም ሰው መጣ ሲባል ግን ሹፌሩም፣ ረዳቱም፣ ጫኝ አውራጁም፣ መጽሐፍ ይከራዩ የነበሩ ተማሪዎችም አንድ በአንድ ገቡ። ሴትዮዋ ወደኔ መጣችና፣

«አባቴ፣ ስንጠብቅ ነበር። ሐዘንተኛ የሌለበት ለቅሶ ለቅሶ አይሆንም። የቀበርነው እኛ ነን፤ እግዜር ያጥናችሁ የምንለው ሰው ግን አጥተን ቆየን። ሐዘንተኛው ማነው?» አለችኝ።

መሬት መሬት አየሁ። እኔ ወዳጅ ነኝ፤ ዘመድ አይደለሁም። አብረውን የመጡ የፍኖተ ሰላም ተሳፋሪዎችም በር ላይ ቆመው ያያሉ፤ እዚህ የሆነው ማታ እዚያ ይሰማል።

ፈንታነሽ ነጠላዋን አወረደችና ዘቅዝቃ እንደ ሐዘንተኛ ለበሰችው። ሄዳ ለሐዘንተኛ ተነጥፎ ባዶ በቀረው ምንጣፍ ላይ ተቀመጠች።

«እኔ ነኝ» አለች።

«ምኑ ነሽ ልጄ?»

«በእኔ ምክንያት ነው ካገሩ የወጣው።»

ሴትዮዋ ሌላ አልጠየቀችም። ወንዶቹ ከአግዳሚው ተነሡ። ሹፌሮቹ ቆባቸውን እያወለቁ በየተራ ጎንበስ አሉላት፤ «እግዜር ያጥናሽ፣ እግዜር ያጥናሽ።» እሷም ለያንዳንዱ «ይስጥልኝ» ትላለች። እጇ ጭኗ ላይ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ሊደበቅ የሚችልበት ነጠላ ነበራት፣ አልደበቀችውም።

ጥቂት ቆይቶ የእኛ ሹፌር በአጥሩ ላይ ብቅ አለ። «አያ ታከለ፣ እንቸኩል። መንገዱ ከሰዓት በኋላ ይዘጋል እየተባለ ነው። ዛሬ ካልገባን መቼ እንደሚከፈት አላውቅም።»

ተነሥቼ ዱላዬን ያዝኩ። ፈንታነሽ አልተነሣችም።

«ሐዘንተኛ በአንድ ቀን ይነሣል እንዴ አያ ታከለ?» አለችኝ።

ዱላዬን አግዳሚው ሥር መልሼ አስተኛሁና ከሹፌሮቹ መሐል ተቀመጥኩ። ሚኒባሱ ውጭ ሆኖ ጥሩምባውን አንድ ጊዜ ነፋ፣ ደገመ፤ ከዚያ የፍኖተ ሰላምን መንገድ ይዞ ሲሄድ ድምፁን ሰማነው።